ፐርዝ፦ ባሕርን የምትጠጣ ሩቅ ከተማ፣ ጨው የገባበት የእርሻ ምድር

የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት ዋና ከተማ ፐርዝ፣ ከሌሎች ከተሞች እጅግ ርቀው ከሚገኙ የዓለም ትልልቅ ከተሞች መካከል ስሟ በተደጋጋሚ የሚነሣ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ለቀናት ቢጓዙበት የማያልቅ ደረቅ ምድር ያዋስናታል። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርባት ይህች ከተማ ላለፉት 50 ዓመታት ከዝናብ እጥረት ጋር ስትታገል ቆይታለች። የመጠጥ ውኃዋን ከባሕር አጣርታ ማግኘት ችላለች። ከጀርባዋ ያለው የስንዴ አምራች ምድር ግን ከአንድ መቶ ዓመት በፊት በተጀመረ የደን ምንጠራ ምክንያት ዛሬም ድረስ በጨው ይጠቃል።

ይህ ጽሑፍ የከተማዋን አቀማመጥ፣ ታሪክና ኑሮ እያስተዋወቀ፣ ውኃና አፈርን በተመለከተ ያለፈችበት መንገድ ለአርሶ አደሩና ለከተማ ነዋሪው ምን ትምህርት እንዳለው ያብራራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ የት ትገኛለች?

ምዕራብ አውስትራሊያ ከአውስትራሊያ ስድስት ግዛቶች በስፋት ቀዳሚዋ ናት። 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው የቆዳ ስፋቷ ከኢትዮጵያ ከእጥፍ በላይ ይበልጣል። የሕዝቧ ቁጥር ግን 3 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ከዚህም ውስጥ ከአምስት ሰዎች አራቱ የሚኖሩት በፐርዝና በዙሪያዋ ነው። ከከተማዋ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሄደ መንገደኛ፣ መንደር ሳያይ ረጅም ሰዓት ሊነዳ ይችላል።

ለፐርዝ የምትቀርበው ትልቅ የአውስትራሊያ ከተማ አድሌድ ስትሆን፣ በአየር ከ2 ሺህ 100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሲድኒ በአየር 3 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም የተነሣ የኢንዶኔዥያ ከተማ ጃካርታ ከሲድኒ ይልቅ ለፐርዝ ትቀርባለች። ሕንድና ሰላማዊ ውቅያኖሶችን የሚያገናኘው የባቡር መስመር ከሲድኒ እስከ ፐርዝ 4 ሺህ 352 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጉዞውም ሦስት ሌሊት ይፈጃል። ባቡሩ ዛፍ አልባ የሆነውን የናላርቦር ሜዳ ሲያቋርጥ፣ አንድም ኩርባ የሌለበትን የ478 ኪሎ ሜትር ቀጥተኛ ሐዲድ ይጓዛል። በዓለም ላይ ከዚህ የሚረዝም ቀጥ ያለ ሐዲድ የለም።

የአየር ጠባይዋን በተመለከተ ለእኛ የሚገርም አንድ መገጣጠም አለ። ፐርዝ ከምድር ወገብ በስተደቡብ በመሆኗ ብርዱና ዝናቡ የሚመጣው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ የእነርሱ ክረምት በእኛው ክረምት ላይ ይውላል። የስንዴ አጨዳቸውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይካሄዳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ድረስ ደግሞ ፀሐዩ ይበረታል፤ ዝናብም እምብዛም አይጥልም። በእነዚህ ወራት ከሰዓት በኋላ ከባሕር የሚነሣው ቀዝቃዛ ነፋስ ለነዋሪው ትልቅ እፎይታ በመሆኑ፣ ከወደብ ከተማዋ ከፍሪማንትል ስም ጋር አያይዘው «የፍሪማንትል ሐኪም» ይሉታል።

ከኑንጋር ሕዝብ እስከ ወርቅ ፈላጊዎች

ፐርዝ የተቆረቆረችበት ምድር ለአሥር ሺዎች ዓመታት የኑንጋር ሕዝብ መኖሪያ ነበር። ኑንጋሮች ዓመቱን በአራት ወቅት አይከፍሉትም። የነፋሱን አቅጣጫ፣ የአበባውን መፈካትና የእንስሳቱን እንቅስቃሴ እያዩ በስድስት ወቅቶች ይከፍሉታል። ምን መቼ እንደሚለቀም፣ ምን መቼ እንደሚታደን የሚወስኑትም በዚሁ ነበር። በ1829 በካፒቴን ጄምስ ስተርሊንግ የተመራው የብሪታንያ ሰፈራ በስዋን ወንዝ ዳር ሲመሠረት፣ ነባሩ ሕዝብ ከመሬቱ እየተገፋ ሄደ። ከተማዋም ስሟን በስኮትላንድ ከምትገኘው ፐርዝ ወሰደች።

ሰፈራው ለረጅም ዓመታት ብዙም አላደገም። የከተማዋን ዕድል የቀየረው በ1892 በኩልጋርዲ፣ በ1893 ደግሞ በካልጉርሊ የተገኘው ወርቅ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ በረሃው ጎረፉ። ወርቁ በተገኘበት ምድር ግን ውኃ አልነበረም። ውኃ በውድ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ በንጽሕና ጉድለት የሚመጣ የአንጀት ተስቦም ብዙዎችን ጨረሰ።

የግዛቱ ዋና መሐንዲስ የነበረው ቻርልስ ኦኮነር፣ ከፐርዝ አጠገብ ባሉ ተራሮች ላይ ግድብ ሠርቶ ውኃውን በብረት ቧንቧ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ለመግፋት ዐቀደ። ለዚህም ስምንት የእንፋሎት መግፊያ ጣቢያዎች ተተከሉ። ዕቅዱ ውኃን ሽቅብ ወደ በረሃ መግፋት በመሆኑ በጋዜጦችና በምክር ቤት ከባድ ነቀፋ ደረሰበት። ኦኮነር በመጋቢት 1902 የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ከአሥር ወራት በኋላ፣ በጥር 1903፣ ውኃው ካልጉርሊ ደረሰ። ያ መስመር ዛሬም ይሠራል። ከማዕድን ከተሞቹ በተጨማሪ በመንገዱ ላይ ላሉ የገጠር ከተሞችና እርሻዎች ውኃ ያደርሳል።

የፐርዝ ሀብት አሁንም ከማዕድን ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜን ፒልባራ በተባለው አካባቢ የሚወጣው የብረት ማዕድን በባቡር ወደ ወደብ ይጓጓዛል። ከእነዚህ ባቡሮች አንዳንዶቹ ሾፌር የላቸውም፤ ጉዟቸው ወደ 1 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ ከፐርዝ ይመራል። ብዙ ሠራተኞችም ቤተሰባቸውን በከተማዋ ትተው በአውሮፕላን ወደ ማዕድኑ ይሄዳሉ፤ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት ሠርተው ይመለሳሉ።

ዝናቡ ሲቀንስ

በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የክረምቱ ዝናብ መቀነስ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ እንደ ተራ ድርቅ ታይቶ «በሚቀጥለው ዓመት ይስተካከላል» ተብሎ ነበር። ሆኖም ዝናቡ ወደ ቀድሞው መጠን አልተመለሰም። የአየር ንብረት ተመራማሪዎች እንደሚገልጹት የቅነሳው አንዱ ምክንያት ክረምት ይዘው የሚመጡት ዝናባማ ነፋሶች ወደ ደቡብ መሸሻቸው ነው። የዓለም ሙቀት መጨመርም ለዚህ አስተዋጽኦ አለው።

የዝናቡ መጠን የቀነሰው ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ሲሰሙት ብዙም ላያስደነግጥ ይችላል። ወደ ግድቦቹ የሚገባው ውኃ ግን ከዚህ እጅግ በበለጠ መጠን ቀነሰ። ከ1911 እስከ 1974 ድረስ ወደ ፐርዝ ግድቦች በዓመት በአማካይ 340 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ይገባ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት 25 ዓመታት ይህ መጠን በግማሽ ያህል ወረደ። ከ2000 ወዲህ ደግሞ ይበልጥ አሽቆለቆለ።

ጥቂት የዝናብ ቅነሳ ይህን ያህል የጎላ ጉዳት ያደረሰበት ምክንያት ለማንኛውም አርሶ አደር ግልጽ ነው። ደረቅ አፈር የመጀመሪያውን ዝናብ ለራሱ ይጠጣል። ዛፉና ሣሩም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ወደ ጅረት የሚወርደው ከዚህ የተረፈው ብቻ ነው። ዝናቡ በትንሹ ሲጎድል የሚቀረው ይህ ትርፉ ነው፤ ግድብ ደግሞ የሚሞላው በትርፉ ነው።

ባሕርን መጠጣት

ፐርዝ ለዚህ ችግር ያገኘችው ትልቁ መፍትሔ ከበራፏ ያለውን ውቅያኖስ ማጣራት ነው። በ2006 በክዊናና የተከፈተው ጣቢያ በአውስትራሊያ የመጀመሪያው ትልቅ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ሲሆን፣ በዓመት 45 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የማምረት ዐቅም አለው። ከከተማዋ በስተደቡብ በቢኒንጋፕ በ2011 ሥራ የጀመረው ሁለተኛው ጣቢያ ደግሞ ተስፋፍቶ ዐቅሙ 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ደርሷል። ሦስተኛው በሰሜን በኩል በአልኪሞስ እየተገነባ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የባሕሩ ውኃ መጀመሪያ ከአሸዋና ከቆሻሻ ይጠራል። ቀጥሎም በኃይለኛ ግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ወንፊት መሰል ስስ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ውኃው ሲያልፍ ጨው ወደ ኋላ ይቀራል። ከገባው ውኃ ለመጠጥ የሚሆነው ከግማሽ በታች ሲሆን፣ ጨዉ የበረታበት ቀሪው ውኃ ተመልሶ ወደ ባሕር ይለቀቃል። ግፊቱን ለመፍጠር ብዙ ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የክዊናናው ጣቢያ የሚፈጀውን ኃይል ለማካካስ በስተሰሜን ከተተከለ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ኤሌክትሪክ እንዲገዛ ተደርጓል።

ሁለተኛው መፍትሔ የተጠቀሙበትን ውኃ መልሶ መጠቀም ነው። ከመኖሪያ ቤቶች የሚወጣው ፍሳሽ እስከ መጠጥ ውኃ ደረጃ ድረስ ተጣርቶ በጥልቅ ጉድጓድ ወደ ከርሰ ምድር ይመለሳል። እዚያ ከነባሩ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ከቆየ በኋላ በሌላ ጉድጓድ ወጥቶ እንደገና ይጣራል። ከተማዋ ይህን ወደ መደበኛ ሥራ ከማስገባቷ በፊት ለሦስት ዓመታት ያህል በሙከራ ደረጃ አይታዋለች፤ ነዋሪው ጣቢያውን እንዲጎበኝም አድርጋለች። መደበኛ ሥራው የተጀመረው በ2017 ነው።

ሦስተኛው መፍትሔ ቁጠባ ነው። በፐርዝ አንድ ቤተሰብ የጓሮ አትክልቱን በመርጫ ቧንቧ ማጠጣት የሚችለው በሳምንት በተመደቡለት ቀናት ብቻ ነው። ቀኖቹ የሚታወቁት በቤቱ ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ በመርጫ ማጠጣት ጨርሶ የተከለከለ ሲሆን፣ ደንቡን የተላለፈ ይቀጣል። በዚህ መልኩ ለአንድ መቶ ዓመት በግድብ ላይ የኖረችው ከተማ፣ ዛሬ አብዛኛውን የመጠጥ ውኃዋን ከባሕርና ከከርሰ ምድር ታገኛለች።

ዛፉ ሲቆረጥ ጨው ወጣ

ከፐርዝ በስተምሥራቅ «የስንዴ ቀበቶ» የሚባል ሰፊ የእርሻ ምድር ተዘርግቷል። ይህ ምድር ቀድሞ በልዩ ልዩ የባሕር ዛፍ ዝርያዎችና በቁጥቋጦ የተሸፈነ ነበር። ሰፋሪዎች በተለይ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ መነጠሩት። በ1960ዎቹ መንግሥት ራሱ «በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ኤከር» በሚል መፈክር አዲስ የእርሻ መሬት ያከፋፍል ነበር። ይህም በሄክታር ሲሰላ ወደ 400 ሺህ ይጠጋል።

ሆኖም ከምድሩ ሥር ብዙ ጨው ተከማችቶ ነበር። ጨው ከባሕር በነፋስና በዝናብ እየመጣ ለብዙ ሺህ ዓመታት በጥልቁ አፈር ውስጥ ተጠራቅሟል። ነባሮቹ ዛፎች ሥራቸው ጥልቅ በመሆኑና ዓመቱን ሙሉ ውኃ ስለሚጠጡ፣ ዝናቡ እስከ ጨዉ ድረስ ወርዶ አይከማችም ነበር። ዛፎቹ ተነሥተው በቦታቸው ስንዴ ሲዘራ ሁኔታው ተለወጠ። ስንዴ ሥሩ አጭር ነው፤ መሬት ላይ የሚቆየውም ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ሳይጠጣ የቀረው ውኃ ወደ ታች ሰረገ። የከርሰ ምድር ውኃው ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ጨዉን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። በረባዳ ቦታዎች ላይ ውኃው በፀሐይ ሲተን ነጭ ጨው መሬቱን ሸፈነው። ሰብሉ ደረቀ፤ ጅረቶችም ጨዋማ ሆኑ።

ይህ ጉዳይ ሳይታወቅ የቆየ አይደለም። ዉድ የተባለ የባቡር መሐንዲስ፣ ለእንፋሎት ባቡሮች የሚቀዳው ውኃ ዛፍ በተመነጠረባቸው አካባቢዎች እየመረረ መምጣቱን አስተውሎ፣ ምክንያቱን በ1924 በጽሑፍ አስረድቶ ነበር። ምንጠራው ግን ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመታት ያህል ቀጠለ። ዛሬ በደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የእርሻ መሬት በጨው ተጎድቷል።

በእኛ ሀገር ባሕር ዛፍ «ምንጭ ያደርቃል» እየተባለ ይወቀሳል። ዛፉ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባን የማገዶ እጥረት ለማቃለል ከአውስትራሊያ ምድር መጥቶ የተተከለ ነው፤ ስሙም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። በትውልድ ቦታው ያ ብዙ ውኃ የመጠጣት ጠባዩ የጨዉን ውኃ በጥልቁ ይዞ የሚያቆይ ጥበቃ ነበር። በእኛ ምንጭ ዳር ሲተከል ግን ያው ጠባይ ጉዳት ይሆናል። አንድን ዛፍ ጠቃሚ ወይም ጎጂ የሚያደርገው የተተከለበት ቦታ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ገበሬዎቹ እንዴት ዘለቁ?

ዝናቡ ቢቀንስም፣ ጨዉ ቢስፋፋም የምዕራብ አውስትራሊያ ገበሬዎች ምርታቸውን አሳድገዋል። በ2022 መጨረሻ በታጨደው ምርት ዋናው የእህል ተቀባይ ድርጅት ብቻ 227 ሚሊዮን ኩንታል ገደማ ተረክቧል። ይህ ድርጅት ሲቢኤች የሚባል፣ በ1933 የተመሠረተና እስከ ዛሬ ንብረትነቱ የገበሬዎች የሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ጎተራዎቹና የወደብ ማከማቻዎቹ የአባላቱ ናቸው። አብዛኛው እህል ወደ ውጭ ይላካል፤ ጃፓኖች ለሚወዱት ወፍራም ፓስታ መሰል ምግብ የሚሆን ልዩ ስንዴም የሚያቀርቡት እነዚሁ ገበሬዎች ናቸው።

የአመራረት ዘዴያቸው ሦስት ነገሮች ላይ ያተኩራል። አንደኛው እርጥበትን መጠበቅ ነው። አብዛኞቹ መሬቱን ደጋግመው አያርሱም። ያለፈውን ዓመት ገለባ መሬት ላይ ትተው፣ በጠባብ ስንጥቅ ብቻ ይዘራሉ። ዝናብ ሳይጠብቁ በደረቅ የሚዘሩም ብዙ ናቸው።

ሁለተኛው አፈርን ማከም ነው። የዚያ ምድር አፈር እንደ ብዙዎቹ የእኛ ደጋማ አካባቢዎች አሲዳማ ነው። ገበሬዎቹ ከባሕር ዳርቻ የሚቆፈር ኖራነት ያለው አሸዋ እየጫኑ በማሳቸው ላይ ይበትናሉ።

ሦስተኛው ሰብልን ማፈራረቅ ሲሆን፣ በዚህ ረገድ የጎጃም አርሶ አደር በደንብ የሚያውቀው ሰብል ይገኝበታል፤ እርሱም ግብጦ ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ በግብጦ ምርት ከዓለም ቀዳሚ ናት። የእነርሱ ዝርያ ከእኛው ይለያል። ግላድስቶንስ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ መራራነቱን ያስወገደ ዝርያ በማውጣቱ፣ ለእንስሳት መኖ ሳይዘፈዘፍ ይቀርባል። የእኛ ግብጦ ግን ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት በውኃ መዘፍዘፍ አለበት። ሁለቱም አሸዋማና ደካማ አፈርን ይችላሉ፤ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለአፈሩ ያተርፋሉ።

ጨው የገባበትን መሬት በተመለከተ ግን የገበሬው ዐቅም ውስን ነው። ጨው የሚችል ቁጥቋጦ ተክሎ በጎችን ያሰማራበታል፤ ጥልቅ የማንጣፈፊያ ቦይ ይቆፍራል፤ በማሳው ዳርና መካከል ዛፍ በመደዳ ይተክላል። እነዚህ ሥራዎች ጉዳቱን ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን የጠፋውን መሬት በሙሉ አይመልሱም።

በጎችን ካነሣን ዘንድ፣ ከፍሪማንትል ወደብ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የቁም በጎች በመርከብ ሲላኩ ኖረዋል። የአውስትራሊያ ምክር ቤት በ2024 ባወጣው ሕግ መሠረት ይህ ንግድ በግንቦት 2028 መጀመሪያ ላይ ያበቃል። ምክንያቱ በረጅሙ የባሕር ጉዞ በእንስሳቱ ላይ የሚደርሰው ስቃይ ሲሆን፣ ብዙ የምዕራብ አውስትራሊያ በግ አርቢዎች ሕጉን ተቃውመዋል። ሀገራችንም ለዚያው አካባቢ የቁም እንስሳት የምታቀርብ እንደመሆኗ፣ ጉዳዩ ለእኛ አርቢዎችና ነጋዴዎች ሊከታተሉት የሚገባ ነው።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

የፐርዝ ታሪክ በሁለት ጨዎች መካከል ያለውን ልዩነት ያሳያል። በባሕር ውስጥ ያለውን ጨው ከተማዋ በገንዘብና በኤሌክትሪክ ታስወግደዋለች። ወጪው ከባድ ቢሆንም ለመጠጥ ውኃ ይከፈላል። በእርሻ መሬት ውስጥ የገባውን ጨው ግን ያቺው ሀብታም ግዛት በሰፊው ማስወገድ አልቻለችም። ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የሚያጥብ ማጣሪያ የለም።

በእኛ ሀገር ጨው የሚመጣበት መንገድ በአብዛኛው ሌላ ነው፤ ከመስኖ ጋር ይያያዛል። በመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ውኃ እየተለቀቀባቸው፣ የሚወጣበት በቂ ማንጣፈፊያ ሳይኖራቸው የቆዩ ማሳዎች ጨው ወጥቶባቸው ከምርት ወጥተዋል። ሕጉ ግን አንድ ነው። ተክሉ ከሚጠጣው በላይ ወደ መሬት የገባ ውኃ አንድ ቀን ጨዉን ይዞ ይመለሳል። የበጋ መስኖ ስንዴ በየአካባቢው እየሰፋ ባለበት በዚህ ወቅት፣ በተለይ በቆላማና ዝናብ አጠር አካባቢዎች የሚያመርቱ አርሶ አደሮች ውኃ ማስገቢያውን ሲቆፍሩ ማስወጫውንም አብረው ሊያስቡ ይገባል። በማሳው ረባዳ ክፍል ላይ ሰብሉ በቦታ በቦታ ሲቀጭጭ፣ ወይም አፈሩ ሲደርቅ ነጭ ሽፋን ሲያሳይ፣ ሳይውል ሳያድር ለልማት ጣቢያ ባለሙያ ማሳየትና አፈሩን ማስመርመር ተገቢ ነው።

ለከተማ ነዋሪውም የሚተርፍ ነገር አለ። የፐርዝ ግድቦች ከመጉደላቸው በፊት ዝናቡ ለዓመታት ሲቀንስ ቆይቷል። ከተማዋ ፍሳሿን አጣርታ ለመጠጣት የበቃችውም፣ የጓሮ ማጠጫ ቀን በቤት ቁጥር የተከፋፈለውም ነዋሪው ጉዳዩ እየተነገረው ነው። በሰፊው አህጉር ጠርዝ ላይ፣ ውኃ የሚያበድር ጎረቤት በሌለበት የምትኖር ከተማ፣ ያላትን ቆጥራ መጠቀምን ተምራለች። የስንዴ ቀበቶው ገበሬዎች ግን በ1924 የተነገረውን ማስጠንቀቂያ በጊዜው ባለመስማት የተፈጠረውን ኪሳራ እስከ ዛሬ በየማሳቸው እየከፈሉ ይገኛሉ።